የግድግዳው ቁልፍ

መስከረም 22

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሞረዷ፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ምላስሽ እንዴት ነው? እኛ በጣም ደህና ነን። ፈጣሪ እጅሽን ከስለት፣ ዓይንሽን ከብረት ብናኝ ይጠብቅልሽ።

ሥራዬ ያው ነው። በዚህ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የማይዘጋ በር ሲኖር፣ ቧንቧ ሲያፈስ፣ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በነጠላ ጫማ ኮሪደር ላይ የሚቆም ሰው ሲኖር የምጠራው እኔ ነኝ። አያታችን ብረት ያስጨበጠው እጅ እዚህ የፕላስቲክ እጀታ ይቀይራል። የአገሩ ሕግ ደግሞ ይገርማል። የመኖሪያ ቤት በር በሙሉ ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ መከፈት አለበት ይላል። እሳት ቢነሳ ሰው እንዲያመልጥ ነው አሉ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ሰው እንዳሻው የሚወጣበት ነገር መናኸሪያ እንጂ ቤት አይባልም።

የቁልፍ ሱቃችንን አደራ። የኔ ቁልፍ ዛሬም ከአንገቴ አልወረደም።

ወንድምሽ

*ሞረዴ! እኔ ነኝ፣ የድሮ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ። እንደ ልማዱ ወረቀቱን ጨርሶ ለኔ ጠርዙን ተወልኝ። ስሚ፣ የስፌት መኪና ገዛሁ! ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነች ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩት። በሩ ደግሞ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ በተከፈተ ቁጥር እጀታው መኪናዬን ይጎሽመዋል። ባሌ የሰው በር ሲጠግን ይውላል፣ የኔን ግን «እሺ፣ እሺ» ብቻ። የሕንፃው ሴቶች ልብስ ሊያመጡልኝ ጀምረዋል፤ ገበያም ብቻዬን ወጥቼ ክር መርጬ መጣሁ። ቋንቋውን በጣቴ እያወራሁ! ስስቅ ይሰማሽ።*


ጥቅምት 25

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦

ሰላምታዬ ከሱቃችን ደጃፍ ተነሥቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ እቤትህ ድረስ ይግባልህ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ለልብስ ሰፊዋ ሁለት እጥፍ ሰላምታ፤ ከጠርዙ ላይ ትንሽ ወረቀት ጨምርላት እንጂ፣ ምን ያለ ስስት ነው!

እኔ ደህና ነኝ። ደንበኞች አሁንም ገብተው «ሠሪው የለም እንዴ?» ይሉኛል። «ሠሪው እኔ ነኝ» ስላቸው የተሳሳተ ሱቅ የገቡ ይመስል ዞር ብለው በሩን ያያሉ።

አዲስ ነገር ቢኖር በሰፈሩ ቤት መሰበር ስለበዛ ፖሊስ ጣቢያው ለቁልፍ ቀራጮች ሁሉ መመሪያ ሰጥቷል። ያለ አባወራው ፊርማ የመኖሪያ ቤት ቁልፍ መቅረጽ ክልክል ሆኗል። ባል ያላት ሴት የገዛ ቤቷን ቁልፍ ብትጥል ባሏን አስከትላ መምጣት አለባት። «አስቸጋሪው ባልየው ራሱ ቢሆንስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ የጣቢያው መርማሪ ስቆ «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» አለኝ።

አሁን ወደማማክርህ ልምጣ። አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ስሙን «አመሰግናለሁ» ብዬዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቃል ብዙም አያወጣም። ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲገባ ጫማውን የሚጠርግ ሰው ነው። መጀመሪያ የግቢውን በር ቁልፍ አስቀየረኝ። ቀጥሎ የሳሎኑን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው መኝታ ቤት ወሰደኝና መቀርቀሪያ እንድገጥምለት ጠየቀኝ፤ በውስጥ ሳይሆን በውጭ በኩል። «ተሳስተው ነው፣ ይሄ እኮ ውጩ ነው» አልኩት። ፈገግ ብሎ «አልተሳሳትኩም፣ አመሰግናለሁ» አለኝ።

ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሱ ስልክ ሊያናግር ሲወጣ ተነሥታ መጣችና፣ ብሎን እያቀበለችኝ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «የግቢውን ቁልፍ ቅጂ ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? መመሪያውን ነገርኳት። «እሺ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ቅጂው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን የሱቁ ፈቃድ ያንተም ስም ያለበት ስለሆነ ብቻዬን አልወሰንኩም። ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ቶሎ መልስልኝ።

ሞረድህ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለእህቴ፦

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ሥራ ይዞኝ ነው። ሰላምሽ ይብዛ።

የጠየቅሽኝ ነገር ጥያቄም አይደለም። እኛ በር እንገጥማለን፣ ከበሩ ጀርባ ያለው የባለቤቱ ነው። ሰውዬው ጨዋ ከሆነ፣ ካመሰገነሽ፣ ሒሳብሽን ከሰጠሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ሚስቱን ስለሚወዳት፣ ስለሚሰጋላት ይሆናል። ወንድ ልጅ የሚሰጋውን ነገር እናንተ አታውቁትም። ቁልፉን እንዳትሠሪ። በኔ ስም በተከፈተ ሱቅ እንዳትሠሪ።

ይልቅ አንድ ሥራ አለኝ። አያታችን ለእህል መጋዘን ይሠራው የነበረውን ጓጉንቸር ታስታውሺዋለሽ? ከውጭ በቁልፍ ብቻ የሚከፈተውን፣ ከውስጥ በኩል ቀዳዳ የሌለውን? እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አይሸጥም፤ ሕጉን ነግሬሻለሁ። በምድር ቤት ያለው የዕቃዬ ክፍል እየተሰረቀብኝ ነው፣ ለእሱ ነው። በግራ የሚከፈት፣ ወደ ውስጥ የሚገፋ በር ነው። እጀታውን አጭር አድርጊው፤ ሲከፈት ከኋላው ያለ ዕቃ ይነካዋል። ከአንቺ በስተቀር ይህን ጓጉንቸር የሚሠራ በሕይወት ያለ ሰው የለም። ዕቃ ለመሸጥ ወደዚህ በምትመላለሰው ነጋዴ በኩል ላኪልኝ።

ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። እጇን ደክሟት ስለነበር አልጻፈችም።

ወንድምሽ


ጥር 11

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውራችሁ።

ያዘዝከኝን ፈጸምኩ፤ ቁልፉን አልሠራሁም። ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ሴትየዋ አንድ ጊዜ መስኮት ላይ ሆና አይታኛለች። የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ በታች ሳልፍ ነው። አልጠራችኝም። እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ አየችኝና እኔ አንገቴን ሰበርኩ።

ከዚያ በኋላ ወደቀች። ከዚያው መስኮት፣ አንሶላ ወገቧ ላይ እንደታሰረ። ቀን በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት። አልተረፈችም።

ሮጬ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪውን «መቀርቀሪያውን በውጭ በኩል የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ጻፉልኝ» አልኩት። ብዕሩን አላነሣም። «ሰው በገዛ ቤቱ በር ቆለፈ ብዬ በምን አንቀጽ ልክሰሰው? ቤቱ የሱ ነው። ሱቅሽ ተሰብሮ ቢሆን መዝገብ እከፍትልሽ ነበር። ሴትየዋ ራሷ ነው በመስኮት የወጣችው፣ ማንም አልገፋትም። ድንገተኛ አደጋ ነው» አለኝ።

ሰውዬው ከቀብር ማግስት መጣ። መቀርቀሪያውን እንድነቅልለት፣ ብሎኑ የገባበትንም ቀዳዳ በስቱኮ እንድደፍንለት ነው የመጣው። እንቢ አልኩት። ቅር ሳይለው «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው አስደፈነው መሰለኝ።

እንቅልፍ የለኝም፣ ጋሼ። እጄን የማሳርፍበት ነገር ስላጣሁ ያንተን ጓጉንቸር ሠራሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ስሠራው ለቅሶዬ ይቆምልኝ ነበር። ምላሱን ሦስት ጊዜ ነው የሞረድኩት፤ አሁን ሲዘጋ ድምፁ እንኳ አይሰማም። አያታችን ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ሁለቱን ቁልፍ ከጓጉንቸሩ ጋር ለነጋዴዋ ሰጥቻታለሁ። ሦስተኛውን እንደ ቤታችን ደንብ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛ ቁልፉን ጥሎ እያለቀሰ ሲመጣ ደጅ እንዳያድር ብሎ አያታችን ያወጣው ደንብ አይደል።

ልብስ ሰፊዋ ለምን አትጽፍልኝም? ሳቋ ናፈቀኝ።

ሞረድህ


የካቲት 20

ይድረስ ለእህቴ፦

ጓጉንቸሩ ደረሰኝ። እጅሽ ይባረክ። እንደተጠቀለለ ይዤው ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ሳስገባው ለዚያ በር የተፈጠረ ይመስል ነበር።

ስለ ሴትየዋ አዘንኩ። ግን መስኮት ላይ ምን ትሠራለች? ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ ባሏ ራሱ ይከፍትላት ነበር። እናንተ ሴቶች የሚያጠፋችሁ ችኮላችሁ ነው። አንቺም ጣቢያ መመላለሱን ተዪው፣ ለሱቁ ስም ጥሩ አይደለም።

የግድግዳውን ቁልፍ ላኪልኝ። እኔ ቁልፍ ጥዬ የማለቅስ ደንበኛ አይደለሁም። ሦስቱም እኔ ጋ መሆን አለባቸው።

ወንድምሽ

*ውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ባለቤቴ በሚገባ ይንከባከበኛል። ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም። በተረፈ ሰላም ሁኚ።*


መጋቢት 18 (ያልተላከ)

ጋሼ፦

ሰላምታ አላቀርብልህም።

ነጋዴዋ ዛሬ ሱቄ ገብታ በሩን ዘጋችው። ባለፈው ጓጉንቸሩን ስታመጣልህ ከሕንፃው በታች ተቀብለህ መልሰሃታል። በዚህኛው ጉዞዋ ግን አንተ ሥራ ላይ ሳለህ ልብስ ሰፊዋን ሰላም ልበላት ብላ ወጥታ ነበር። ከበሩ ጀርባ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማች። ስታንኳኳ መኪናው ቆመ። «እኔ ነኝ፣ የሰፈርሽ ሰው» ስትላት ወደ በሩ የሚቀርብ ኮቴ ተሰማ። ከዚያ ከውስጥ «ሂጂ፣ ይመጣል» የሚል ድምፅ መጣ። ነጋዴዋ ቀና ብላ ስታይ በሩ ላይ ያለው፣ ከዚህ ከኔ እጅ ተቀብላ በሻንጣዋ ተሸክማ የወሰደችው ብረት ነው።

በግራ የሚከፈት፣ ወደ ውስጥ የሚገፋ፣ እጀታው ከኋላው ዕቃ የሚነካ በር። ልብስ ሰፊዋ መስከረም ላይ በገዛ እጇ ጽፋልኝ ነበር፣ እየሳቀች። አንተ ኅዳርን አሳልፈህ ያንኑ በር «የዕቃ ክፍል» ብለህ ጻፍክልኝ፤ እኔ ደግሞ በሙያዬ ስታሞግሰኝ ልቤ አብጦ ሠራሁት። ድምፅ እንዳያሰማ ሦስት ጊዜ ሞረድኩት! የሕንፃውን በሮች የምትመረምረው አንተ ራስህ ነህ፤ ማን መጥቶ ያየዋል?

ደግሞ የጻፍክልኝን ጠርዝ አንብቤዋለሁ። እሷ እኔን አንድ ቀን «ውድ እህቴ» ብላኝ አታውቅም። «ም»ህን አያታችን ሲያስተምርህ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር፣ አላስታውሳትም ብለህ ነው?

ይህን ከላክሁ ንዴትህን የምትወጣው እሷ ላይ ስለሆነ አልልከውም።


መጋቢት 19

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦

ጤና ይስጥህ። ሥራህ የተቃና፣ ቤትህ የሰላም ይሁን።

እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጣቢያው የመከርከኝን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ አልመላለስም። ልብስ ሰፊዋ ስለጻፈችልኝ ደስ ብሎኛል፤ አመሰግናለሁ በልልኝ።

የግድግዳውን ቁልፍ በታመነ እጅ ልኬዋለሁ። በቅርቡ ይደርሳል።

ሞረድህ


ነሐሴ 9

ለሞረዷ፦

በታመነ እጅ ልኬዋለሁ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ተላላው ነጋዴዋን ስጠብቅ ከረምኩ። እሷ ግን ቀን፣ እኔ በሌለሁበት መጥታ በሬን ከፈተች። የገዛ ቤቴን በር፣ በገዛ አያቴ ጓጉንቸር ቁልፍ! ማታ ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። የልብስ ሰፊዋ መኪና የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እጀታውን እያዩ ተሳሳቁ። «ከውስጥ የሚከፈተው የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለሚስቱ የሚሰጋ ሰው ነኝ ብላቸው ማንም አልሰማኝም።

ታስሬ ነበር፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ፈርደው ጨርሰዋል፤ ሥራዬ ሄዷል፣ ከአገራቸውም ያስወጡኛል። ልብስ ሰፊዋ የት እንዳለች አይነግሩኝም። አንቺ ግን የት እንዳለሽ አውቃለሁ።

ለሰፈራችሁ ጣቢያ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ያለ አባወራው ፊርማ የሰው ቤት ቁልፍ ለሌላ ሰው መስጠትሽን ያውቁታል። ሕግ ያለው አገር ላይ ነው ያለሽው።

እመጣለሁ። ተነሥተሽ ልትከፍቺልኝ አትድከሚ፤ የሱቁ ቁልፍ አንገቴ ላይ አለ።

ወንድምሽ


መስከረም 14

ለአጎቴ ልጅ፦

ይህ ደብዳቤ ሳትነሣ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ጤና ይስጥህ ብዬ መጀመር ለምዶብኝ ነበር፤ ዛሬ ከብዕሬ አልወጣ አለኝ።

መርማሪው አስጠርቶኝ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ብዕሩን ቶሎ አነሣ። «ያለ አባወራው ፊርማ ቁልፍ አውጥተሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ «ውስጥ ሰው ስለነበረ» አልኩት። «ለምን» የሚለውን ባዶ ተወውና «አዎ» የሚለውን ጻፈ። ባለፈው አንዲት ሴት ሞታ ያልተከፈተ መዝገብ ዛሬ ለኔ ተከፈተ። ፈረምኩ። የሱቁን ፈቃድ ወስደውብኛል፤ ፍርድ ቤት ገና እቀርባለሁ። አላፍርበትም። የማፍረው ባልሠራሁት በመጀመሪያው ቁልፍ ነው።

ደብዳቤህንም አሳየሁት። «እመጣለሁ» ያልክበትን፣ ቁልፍ አለኝ ያልክበትን። አንብቦ መለሰልኝ። «ታዲያ ወንድምሽ አይደል? ምን አደረገሽ? መጥቶ አንድ ነገር ሲያደርግሽ ነይ» አለኝ። ያኔ በእግሬ እንደምመጣ በምን አወቀ?

ልብስ ሰፊዋ ጽፋልኛለች። ሙሉ ወረቀት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ከሴቶች ጋር አንድ ክፍል ይዛለች፤ መኪናዋን መስኮት ሥር ነው ያስቀመጠችው። የት እንደሆነ ለኔም እንዳትነግረኝ ለምኛት ነበርና አልነገረችኝም። መጥተህ ብትጠይቀኝ የምነግርህ የለኝም።

የምኖረው አሁንም ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ሌላ መሄጃ የለኝም። አንገትህ ላይ ያለውን ቁልፍ አውልቀው፣ የሚከፍተው በር የለም። አዲስ ጓጉንቸር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያኛው ሆኖ የተገላበጠ ነው። በውጭ በኩል ቀዳዳ የለውም። ከውስጥ በእጅ ይከፈታል፣ ያም እጅ የኔ ነው። ግድግዳው ላይም የሰቀልኩት ቁልፍ የለም።

በሩ ጠንካራ ነው፤ በሙያዬ እምላለሁ። ፈቃድ ባይኖረኝም እጄ ሥራ እንዳያጣ አንዳንድ ብረት ይዤ እውላለሁ። ግን ደጃፍ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መሞረዴን አቆማለሁ። እስኪያልፍ ድረስ ዝም እላለሁ፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፊዋ መኪና።